አር.አይ.5.2ን አፍታታችሁ ወደ ክፍል ዕቅድ የምትለውጡት እንዴት ነው?

ጠመኔ፦

ሰላም መምህራን። አምስተኛ ክፍል ኢ.ኤል.ኤ. (የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት ትምህርት) ለምታቅዱ፣ ወይም በማቀድ ላይ ያሉ መምህራንን ለምታግዙ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቦታው ሜሪላንድ ነው፤ ስለዚህ የምንጠቀመው የኮመን ኮር ስታንዳርዶችን ነው፤ ብዙ ግዛቶች የተቀበሏቸው፣ ልጆች በየክፍሉ ሊችሉት የሚገባውን የሚዘረዝሩ።

ቡድናችን ውስጥ አራት ነን። አንዱን ስታንዳርድ አንብበን አራት የማይገናኝ ዕቅድ ይዘን እንመጣለን። የሰሞኑ መነታረኪያችን አር.አይ.5.2 ነው፤ የመረጃ ጽሑፍ ንባብ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ቁጥር ሁለት። ወደ አማርኛ ሲመለስ ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል፦ «የአንድን ጽሑፍ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዋና ሐሳቦች መለየት፣ በቁልፍ ዝርዝሮች እንዴት እንደተደገፉ ማብራራት፤ ጽሑፉን አሳጥሮ ማቅረብ።» አንዱ ዕቅድ አምስት ቀን ሙሉ «ዋናውን ሐሳብ አስምሩ» የሚል የሥራ ወረቀት ነው። ሁለተኛው በአንድ ቀን ጨርሶት ያልፋል። ሦስተኛው ፖስተር ያሠራል። አራተኛው የእኔ ነው፤ ገና ባዶ ነው።

ማወቅ የምፈልገው፦ ከዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ ክብደት ያለው የትኛው ቃል ነው? ስንት ቀን ይበቃዋል? ልጆቹ ደረሱበት የምንለውስ ምን ስናይ ነው? በመጨረሻ፣ በቅርቡ ከኢትዮጵያ የመጡ ሁለት ልጆች ክፍሉ ውስጥ አሉ። ንግግሩን እየለመዱት ነው፣ ጽሑፉ ግን ይከብዳቸዋል። ለእነሱ የአራተኛውን ክፍል ስታንዳርድ ልስጣቸው?

ሰሌዳ፦

ሰላም ጠመኔ። ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ፤ የቀረው ሁሉ እሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በየሥልጠናው የሚባለው «ግሶቹን ክበቡ፣ ስሞቹን አስምሩ» ነው። አይጎዳም፣ ግን ብዙ አይነግርም። «ዲተርሚን» (መለየት) እና «ኤክስፕሌይን» (ማብራራት) የሚሉት ግሶች ከክፍል ክፍል እየተመላለሱ ይመጣሉ፤ መቶ ጊዜ ቢከበቡ አምስተኛ ክፍልን ከአራተኛ አይለዩላችሁም። የሚለየው የክፍሎቹ ልዩነት ነው። ስለዚህ የሦስተኛን፣ የአራተኛን፣ የአምስተኛንና የስድስተኛን ክፍል ቁጥር ሁለት በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፉና የተጨመረውን ብቻ አቅልሙ።

ሦስተኛ ክፍል ዋናውን ሐሳብ ይለያል፣ ቁልፍ ዝርዝሮቹን መልሶ ይናገራል፣ ሐሳቡን እንዴት እንደሚደግፉት ያብራራል። አራተኛ ክፍል ላይ «መልሶ መናገር» ይወጣና «አሳጥሮ ማቅረብ» ይገባል። አምስተኛ ክፍል ላይ የሚጨመረው «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ» የሚለው ብቻ ነው። ስድስተኛ ላይ ቃሉ «ማዕከላዊ ሐሳብ» ይሆንና አሳጥሮ መጻፉ ከግል አስተያየት የጸዳ እንዲሆን ይጠየቃል።

እንግዲህ የእናንተ ዓመት አዲስ ነገር ቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው የምትመርጡትን ጽሑፍ ነው። አንድ ሐሳብ ብቻ የተሸከመ ጽሑፍ ይዛችሁ ከገባችሁ፣ ትምህርቱ የቱንም ያህል ቢያምር ያስተማራችሁት የአራተኛ ክፍልን ነው። ብዙ ቡድን የሚስተው እዚህ ነው። ለፈተና መለማመጃ ተብለው የሚታደሉት የ150 እና የ200 ቃላት ምንባቦች ሁለት ሐሳብ የሚሸከሙት ከስንት አንዴ ነው። ከ500 እስከ 800 ቃላት ያለውን፣ ሦስት አራት ንዑስ ርዕስ ያለውን ፈልጉ።

መፈተኛው ቀላል ነው። ወደ ክፍል ከመግባታችሁ በፊት እናንተው ራሳችሁ ሁለቱን ዋና ሐሳቦች በሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። አንዱ የሌላው ዝርዝር ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ሥር ሁለት ዝርዝር እንኳ ማግኘት ካቃታችሁ፣ ጽሑፉ አይሆንም። አራታችሁም ሳትነጋገሩ ጻፉና አስተያዩ። የተለያየ ከጻፋችሁ ንትርኩ የተነሣው ከጽሑፉ ነው እንጂ ከስታንዳርዱ አይደለም ማለት ነው።

የሌክሳይል ቁጥሩን፣ ማለትም የጽሑፍ ክብደት መለኪያውን፣ ከጠየቃችሁ፣ ኮመን ኮር ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል የሰጠው ክልል ከ740 እስከ 1010 ነው። በቁጥሩ ብቻ ግን አትመኑ። ሌክሳይል የሚለካው የዓረፍተ ነገር ርዝመትንና የቃላቱን አዘውታሪነት ነው፤ አወቃቀሩ የተወሳሰበ መሆን አለመሆኑን አያውቅም። ለዚህ ነው ሰነዱ ራሱ ሦስት ነገር የሚጠይቀው፦ ቁጥሩን፣ በሰው ዐይን የሚታየውን የጽሑፉን ባሕርይ፣ አንባቢውንና የሚሠራውን ሥራ።

አሁን ወደ ምሳሌ። ስለ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ኦይስተሮች (በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ባለ ቅርፊት ፍጡራን) የሚያወራ ባለ 600 ቃላት ጽሑፍ ይሁን፤ አራት ክፍል አለው። ኦይስተር ውሃ እንዴት እንደሚያጣራ፣ የኦይስተር ክምር ለሸርጣንና ለዓሣ መጠለያ እንደሚሆን፣ ከልክ ያለፈው አጠማመድ ያደረሰው፣ ከዚያም ኤም.ኤስ.ኤክስ. እና ደርሞ የሚባሉት በሽታዎች። «ኦይስተር» ብሎ የጻፈ ልጅ ጉዳዩን ነው የነገራችሁ እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ሐሳብ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ስለ ጉዳዩ የሚባል ነገር አለው። አንደኛው፦ ኦይስተሮች የባሕረ ሰላጤውን ውሃና እንስሳት ይጠብቃሉ። ሁለተኛው፦ ሰውና በሽታ ተደራርበው ቁጥራቸውን በጣም ቀንሰውታል። አራት ክፍል፣ ሁለት ሐሳብ፣ እያንዳንዱ በሁለት ክፍል ላይ የተዘረጋ። ለአምስተኛ ክፍል የሚሆን ጽሑፍ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ስታንዳርዱ ውስጥ ያሉት ሥራዎች ሦስት ናቸው፦ መለየት፣ ማብራራት፣ አሳጥሮ ማቅረብ። ሦስቱን አንድ ላይ ስትደፍቋቸው መሃለኛው ይጠፋል። መሃል ላይ ክብ፣ ዙሪያውን አራት ሣጥን ያለው ወረቀት ታውቃላችሁ? እሱ ዝርዝር ያስለቅማል፤ «እንዴት ደገፈ» የሚለውን አይጠይቅም። ልዩነቱን እዩት፦

ያልደረሰ መልስ፦ «ኦይስተር ይጠቅማል። ውሃ ያጣራል። ለዓሣ ቤት ይሆናል።»

የደረሰ መልስ፦ «ጸሐፊው ኦይስተሮች ባሕረ ሰላጤውን እንደሚጠብቁ ያሳያል። አንድ ትልቅ ኦይስተር በቀን እስከ 50 ጋሎን ውሃ ሊያጣራ እንደሚችል ይጠቅሳል፤ ይህ ሐሳቡን የሚደግፈው አንዲት ትንሽ ፍጡር ብቻዋን ይህን ያህል ካጣራች ብዙዎቹ ሲሰባሰቡ ሥራቸው ምን ያህል እንደሚገዝፍ ስለሚያሳይ ነው።»

ማብራሪያው «ስለሚያሳይ ነው» ላይ ነው ያለው። እሱን የሚያስወጣ ጥያቄ ወረቀታችሁ ላይ ከሌለ ስታንዳርዱን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው ያቀዳችሁት።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ሰሌዳ ባለው ላይ ስለ ቀኑና ስለ ማረጋገጫው ልጨምር።

ከመጨረሻው ጀምሩ። ልጆቹ በመጨረሻ ቀን የሚጽፉትን መልስ እናንተው በአምስተኛ ክፍል ልጅ ቋንቋ፣ በእጃችሁ ጻፉት። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ አራት ሰዓት ንትርክ ይቆጥባል። ስትጽፉት የሚያደናቅፋችሁ ቦታ ልጆቹንም የሚያደናቅፋቸው ቦታ ስለሆነ የትምህርቱ ቀን የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

እንደኔ ሰባት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፣ 45 ደቂቃ ከሆነ። የመጀመሪያው ቀን ማንበብ ብቻ ነው። ዋና ሐሳብ የሚል ቃል አይነሣ። ምን እንደተባለ ያልገባው ልጅ ዋና ሐሳብ ሲጠየቅ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ይሰጣችኋል፣ አንዳንዴም ይሳካለትና የገባው ይመስላችኋል። ሁለተኛው ቀን ጽሑፉን በክፍል በክፍሉ መልሶ ማንበብ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ኅዳጉ ላይ ከአሥር ቃል ያልበለጠ ማስታወሻ። የቃሉ ገደብ አስፈላጊ ነው፣ አለዚያ ይገለብጣሉ።

ሦስተኛው ቀን የሥራው እምብርት ነው። ከጽሑፉ 12 ዝርዝሮችን በብጣሽ ወረቀት ላይ አዘጋጁ። አምስቱ የመጀመሪያውን ሐሳብ፣ አምስቱ ሁለተኛውን የሚደግፉ ይሁኑ፤ ሁለቱ የትኛውንም የማይደግፉ። ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለያሉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ክምር አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ሐሳቡን አስቀድማችሁ አትስጧቸው፤ ከዝርዝሩ ወደ ሐሳቡ እንዲወጡ ነው የሚፈለገው። ሁለቱን የማይገቡ ወረቀቶች ስትመርጡ ማራኪ የሆኑትን ምረጡ። ለምሳሌ ኦይስተር በሕይወት ዘመኑ ጾታውን ሊለውጥ ይችላል። ይህን አንብቦ ዋና ሐሳብ ነው ብሎ የማይሟገት የአምስተኛ ክፍል ልጅ የለም። ሙግቱ ራሱ ነው ትምህርቱ፦ አስደናቂ መሆንና ዋና መሆን ይለያያሉ።

አራተኛው ቀን ለማብራራት፦ ከየክምሩ ጠንካራ የሚሉትን አንድ አንድ ዝርዝር መርጠው «ይህ ሐሳቡን የሚደግፈው … ስለሆነ ነው» የሚለውን ይሞላሉ። አምስተኛው አሳጥሮ መጻፍ። ስድስተኛው ቀን አይተውት የማያውቁት ሌላ ጽሑፍ፣ ያለ እገዛ። ሰባተኛውን ባዶ አድርጋችሁ ያዙት፤ ስድስተኛው ቀን ያሳየውን ለማረም ነው። ይህን ቀን የሚያስቀር ዕቅድ በብዛት አያለሁ፤ ከዚያ መምህሩ ስሕተቱን አይቶ ወደ ቀጣዩ ስታንዳርድ ይሄዳል፣ ምክንያቱም መርሐ ግብሩ ስለሚገፋ።

አሳጥሮ ሲጻፍ የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ «መጀመሪያ እንዲህ ይላል፣ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፣ ከዚያ…» ጽሑፉ ፊታቸው ተገልጦ ከቆየ ሌላ ነገር አይመጣም። ጽሑፉን አስዘጉ። ጠረጴዛው ላይ የሚቀሩት ሁለቱ የሐሳብ ዓረፍተ ነገሮችና የተለዩት ብጣሾች ብቻ ይሁኑ። ከአራት እስከ ስድስት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ አይብለጥ።

ማረጋገጫውን በተመለከተ፦ የስድስተኛውን ቀን ወረቀት በነጥብ ሳይሆን በሥራው አይነት ለዩ። ሐሳቡን መለየት ያቃታቸው አንድ ክምር፣ ለይተው ማብራራት ያቃታቸው አንድ ክምር፣ አሳጥሮ መጻፉ ላይ የቀሩ አንድ ክምር። «ከ4 ሁለት አገኘ» የሚል ውጤት ነገ ጠዋት ምን እንደምታስተምሩ አይነግራችሁም፤ ክምሩ ይነግራችኋል።

ጠመኔ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ከቡድኔ ጋር ከመቀመጤ በፊት ረቂቁን ላሳያችሁና እረሙኝ።

ግብ፦ ተማሪዎች ዋና ሐሳብንና ዝርዝርን ይረዳሉ።
ጽሑፍ፦ ስለ ቢራቢሮ የሕይወት ዑደት፣ 550 ቃላት፣ ሌክሳይል 810።
ማረጋገጫ፦ አምስት የምርጫ ጥያቄ፣ ከዚያ በቡድን ፖስተር።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ሦስቱም ይነካሉ፤ አይክፋዎት።

«ይረዳሉ» የሚለው አይታይም። ልጁ ሲጽፍ ወይም ሲናገር የሚታየውን ጻፉ፦ «ሁለት ዋና ሐሳቦችን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ዝርዝር መርጠው እንዴት እንደሚደግፈው ያብራራሉ።» አሳጥሮ መጻፉን በሌላ ቀን ግብ ላይ አድርጉት፤ ሦስቱን ሥራ በአንድ ቀን ግብ ላይ አትጫኑ።

ጽሑፉ ርዝመቱም ሌክሳይሉም ደህና ነው፣ ግን የሰሌዳን መፈተኛ አያልፍም። እንቁላል፣ አባጨጓሬ፣ ሙሽሬ፣ ቢራቢሮ፤ አራት ክፍል አለው፣ ሐሳቡ ግን አንድ ነው፦ ቢራቢሮ በአራት ደረጃ ያድጋል። የቅደም ተከተል ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ችግርና መፍትሔ፣ ወይም ምክንያትና ውጤት ያለው ጽሑፍ ሁለት ሐሳብ ይሸከማል። ቢራቢሮውን ካልጣልኩት ካሉ ስለ ሞናርክ ቢራቢሮ ፍልሰትና መኖሪያው ስለ መመናመኑ የሚያወራ ይፈልጉ።

የምርጫ ጥያቄው መለየቱን ይፈትናል፣ ለዚያ ይቅር። ማብራራትን ግን በምርጫ አያገኙትም። ፖስተሩ የሚለካው ማን ደህና እንደሚሥል ነው፤ በዚያ ላይ በቡድን ስለሆነ የትኛው ልጅ ምን እንደቻለ አያውቁም። ከማረጋገጫው ያውጡት። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ከፈለጉ ሌላ ጉዳይ ነው።

የንባብ ጥግ፦

እኔ ትንሽ ልቃወም። የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን «የአር.አይ.5.2 ሳምንት» የሚባለው ነገር ራሱ ያሰጋኛል። ስታንዳርዶቹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ሲወጡ መግቢያቸው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ እያንዳንዱ ስታንዳርድ ለብቻው መማሪያና መፈተኛ መሆኑ የግድ አይደለም፤ አንድ የበለጸገ ሥራ ብዙዎቹን ሊያስተናግድ ይችላል። ያንን ገጽ ዘልሎ ወደ ሠንጠረዡ የሚሄደው ይበዛል፣ ከዚያ ዓመቱን በኮድ ይሸነሽነዋል።

ዋና ሐሳብ ማግኘት እንደ ብስክሌት መንዳት አንዴ ተምረኸው በማንኛውም መንገድ የምትነዳው አይደለም። ስለ ባሕረ ሰላጤው የሚያውቅ ልጅ የኦይስተሩን ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ያገኛል፤ ያው ልጅ ስለማያውቀው ነገር ሲያነብ ይጠፋበታል። ስለዚህ ሳምንቱን በስታንዳርድ ከመሰየም ሦስት ሳምንት በአንድ ጉዳይ ላይ ቆዩ፦ ውሃ፣ ባሕረ ሰላጤው፣ ብክለት። ሦስት አራት ጽሑፍ ይነበብ። በዚያ ውስጥ 5.2 አለ፣ የቃላት ፍቺው 5.4 አለ፣ ጸሐፊው የትኛውን ነጥብ በየትኛው ማስረጃ እንደደገፈ የሚጠይቀው 5.8 አለ። 5.8 የ5.2 «ማብራራት» የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ተነጣጥለው ሲታቀዱ ይገርመኛል። በትክክል ጠቅሶ ማስረዳት የሚለው 5.1ማ በየቀኑ አለ፤ እሱና የጽሑፍ ክብደት የሚናገረው ቁጥር አሥር ዕረፍት የላቸውም። መጻፉ ደግሞ ደብሊው.5.2 ነው፣ የማብራሪያ ጽሑፍ።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ። አንድ ቀን ዕቅድ ላይ 14 ኮድ የሚደረድሩ አሉ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እንዲያምር። አንድ የሚፈተን፣ ሁለት የሚያግዙ፤ ይበቃል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

ከጉዳዩ መነሣቱን እቀበላለሁ፤ የእኔም ሰባት ቀን በእንዲህ ያለ ሦስት ሳምንት ውስጥ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል። የማልቀበለው ሁሉም በአንድነት ይመጣል ብሎ ማብራራቱን ለብቻው አለማስተማርን ነው። ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢበለጽግ «ስለሚያሳይ ነው» የሚለውን ልጁ ራሱ አያመጣውም፤ አንድ ቀን ቆም ተብሎ መሠራት አለበት።

ድልድዩ ማዶ፦

ጥያቄ ልሰንቅር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የማስተምረው። ይህን ዕቅድ እንዳለ ልወስደው እችላለሁ?

ሰሌዳ፦

አሠራሩን አዎ፣ ኮዱን አይ። ቨርጂኒያ ኮመን ኮርን አልተቀበለችም፤ ኤስ.ኦ.ኤል. የሚባል የራሷ ስታንዳርድ ነው ያላት፣ ቁጥሩም አደራደሩም ሌላ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ ወዲህ ያሉት ዲ.ሲ.ና ሜሪላንድ ተቀብለዋል፣ ሜሪላንድ የራሷን ስም ሰጥታዋለች። ቴክሳስም ጨርሶ አልገባችበትም፤ ፍሎሪዳ ገብታ ወጥታለች። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2010 የእንግሊዝኛውን ብቻ ወስዳ የሒሳቡን ትታ ነበር። ከሌላ ግዛት መምህር ዕቅድ ስትቀበሉ ኮዱን ሰርዛችሁ በእናንተው ሰነድ ላይ ተመሳሳዩን ፈልጉ፤ ከዚያ ከላይ እንዳልኩት ከአራተኛና ከስድስተኛ ክፍል ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት። «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ» የሚለው የሜሪላንድ አምስተኛ ክፍል ጥያቄ በእናንተ ዘንድ በሌላ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል።

ዳስ፦

አራተኛውን ጥያቄ፣ ከኢትዮጵያ ስለመጡት ሁለት ልጆች የተነሣውን፣ ማንም አልነካውም፤ እኔ ልያዘው።

የአራተኛ ክፍሉን አትስጧቸው። ልጆቹ ያጡት እንግሊዝኛውን ነው፣ ማሰቡን አይደለም። ሜሪላንድም ዲ.ሲ.ም ቨርጂኒያም የዊዳ፣ ማለትም እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የቋንቋ ስታንዳርድ የሚያወጣው የግዛቶች ማኅበር፣ አባል ናቸው፤ የዊዳ የ2020 ማዕቀፍ የሚለውም ይህንኑ ነው፦ የክፍሉ ይዘት ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚለያየው የቋንቋው ድጋፍ ነው። ጽሑፉም ያው የኦይስተሩ ይሁን። ከመነበቡ በፊት ከአምስት እስከ ስድስት ቃል አስተምሩ፣ የበለጠ አይያዝም። ስትመርጡ እንደ «ፊልተር» ያለውን ሥዕል የሚያስረዳውን በሥዕል ጨርሱትና ጊዜውን እንደ «ዲክላይን» (ማሽቆልቆል) እና «ሰርቫይቭ» (በሕይወት መትረፍ) ላሉት ስጡ፤ እነሱ በሳይንስም በታሪክም ይመለሳሉ።

ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ብጣሾቹን ሲለዩ፣ ሁለቱን ልጆች አንድ ላይ አስቀምጧቸውና በአማርኛ ይሟገቱ። ለምን ያንን ብጣሽ እዚያ እንዳደረጉት ጠይቋቸው፤ አማርኛ የሚችል መምህር ይህ ዕድል አለው፣ አይባክን። በአማርኛ አጥርተው ካስረዱ የቀራቸው ቋንቋው ነው፣ የዓረፍተ ነገር መያዣ ስጧቸው። በአማርኛም ከተደናገሩ የሐሳቡ ትምህርት ነው ያልያዛቸው፤ እንግሊዝኛ ላይ መድከሙ አይረዳም። ይህን ሳይለዩ «ለሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ» የተባለ ቀላል ወረቀት መስጠት የተለመደ ነው፣ ለሁለቱም ችግር ግን አይሆንም።

መያዣው ይህን ይመስላል፦ «ጸሐፊው ____ ይላል። ይህ ____ የሚለውን ሐሳብ ይደግፋል፣ ምክንያቱም ____።» በእንግሊዝኛ አድርጉት። በእንግሊዝኛ ችሎታ ደረጃ አንድና ሁለት ላይ ላለ ልጅ ሙሉው ይሰጥ፣ ሦስት ላይ ላለ መጀመሪያው ብቻ፣ ከዚያ በላይ ይነሣ። ሳይነሣ ዓመቱን ከዘለቀ ልጁ ክፍት ቦታ መሙላት እንጂ መጻፍ አይለምድም።

አሁን ማንም የማያነሣው ነገር። እነዚህ ልጆች በአማርኛ ንባብ ተምረው መጥተዋል፣ ያም ሀብት ነው፤ ግን አንዳንድ ቃል ሲተረጎም ያሳስታቸዋል። ለስታንዳርዱ ቃላት የአማርኛ ፍቺ የምትሰጡ ከሆነ እነዚህን ተጠንቀቁ።

«ቶፒክ» ርዕስ ነው ካላችኋቸው አበቃ። ርዕስ ለእነሱ ከላይ በደማቁ የተጻፈው ነው። ጉዳዩ ምንድን ነው ስትሉ አርዕስቱን ይገለብጡላችኋል። «ስለ ምን ያወራል?» በሏቸው።

«ሰመሪ» ማጠቃለያ ነው ካላችኋቸው ደግሞ የባሰ ይመጣል። በአማርኛ ድርሰት ማጠቃለያ የመጨረሻው አንቀጽ ነው፣ ያውም ምክር ያለበት። ስለዚህ ልጁ አሳጥሮ መጻፉን ትቶ «ስለዚህ ሁላችንም ኦይስተሮችን ልንጠብቅ ይገባል» ብሎ ይዘጋዋል። መምህሩ አላነበበም ይላል፣ ልጁ የተጠየቀውን ነው የሠራው። «ጽሑፉን ላላነበበ ሰው በአጭሩ ንገረው» የሚለው ይሻላል።

«ኢንፈር» መገመት ከተባለ ልጁ በእውነት ይገምታል፣ ያለ ማስረጃ። «ካነበብከው ተነሥተህ ምን ትረዳለህ?» ይባል።

የመጨረሻው ኃይለ ቃል ነው። አንቀጽ ሲማሩ የአንቀጹን ኃይለ ቃል ፈልጎ ማስመር ለምደው መጥተው ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው ያለው። ለአንድ አንቀጽ ጥሩ መሣሪያ ነው። በኦይስተሩ ጽሑፍ ግን አንደኛው ሐሳብ በሁለት ክፍል ላይ ተዘርግቶ በአንድም ቦታ እንዳለ አልተጻፈም፤ ልጁ የሚያሰምረውን እያጣ ይቸገራል። «እዚህ ሐሳቡ አልተጻፈም፣ አንተ ነህ የምትጽፈው» ብሎ በግልጽ መንገር ነው። ይህ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ግማሾቹን ይመለከታል።

ጠመኔ፦

ማጠቃለያ ያላችሁት! ትናንት ከተሰበሰቡት ወረቀቶች ሁለቱ በትክክል እንደዚያ ነው የተዘጉት።

የተስተካከለው፦
የሦስት ሳምንት ጉዳይ፦ ቼሳፒክና ውሃው። የሚፈተን፦ 5.2። የሚያግዙ፦ 5.8 እና ደብሊው.5.2።
የሦስተኛ ቀን ግብ፦ ተማሪዎች 12 ዝርዝሮችን ለይተው ለሁለቱ ክምሮች ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ።
የአራተኛ ቀን ግብ፦ ከየክምሩ አንድ ዝርዝር መርጠው እንዴት እንደሚደግፍ በጽሑፍ ያብራራሉ።
ስድስተኛ ቀን፦ ስለ ባሕረ ሰላጤው ሰማያዊ ሸርጣን አዲስ ጽሑፍ፣ በግል።

ቀይ እስክሪብቶ፦

አሁን ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሸርጣኑን ጽሑፍ ከመወሰናችሁ በፊት አራታችሁም ሁለቱን ሐሳቦች ለየብቻ ጻፉና አስተያዩ። በተጨማሪ 12ቱ ብጣሾች ከጽሑፉ የተወሰዱበትን አንቀጽ ቁጥር በጀርባቸው ላይ ጻፉበት፤ ልጆቹ ሲከራከሩ ወደ ጽሑፉ የሚመለሱበትን ያገኛሉ፣ እናንተም «ይህ የት አለ?» እየተባላችሁ ገጽ አትገልጡም።